ልጆች ከማደንዘዣ ሲነቁ የሚደናገሩትና የሚወራጩት ለምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ልጆችን ለኦፕራሲዮን ከሚያስተኙ የሰመመን ባለሙያዎች አንዷ ነኝ፤ ከታች ያሉት ወላጆች ኮሪደር ላይ ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ልጄ ከማደንዘዣ ሲነቃ ጮኸ፣ ተወራጨ፣ እኔን እናቱን እንኳ አላወቀኝም። ምን ሆኖ ነው?

ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ የሚጮህ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይኑ ፈጧል፣ ግን አያያችሁም። ስሙን ብትጠሩት አይመልስም። ከማደንዘዣ ሲነቃ የሚታየውም ለዚህ በጣም ይቀርባል። ሰውነቱ ነቅቷል፤ ልቡ ግን ገና አልተመለሰም። እጅና እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ይወጣል፣ የት እንዳለና ማን እንደያዘው ግን አያውቅም። ስለዚህ ይፈራል። ሲፈራ ደግሞ ይታገላል።

አንድ የ4 ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። ቶንሲሉ ወጥቶለት ሪከቨሪ (ከማደንዘዣ የሚነቁበት ክፍል) ገባ። ገና እንደነቃ አልጋው ላይ ተገልብጦ በጉልበቱ ቆመ። እናቱ "እኔ ነኝ፣ እማዬ ነኝ" ትለዋለች። እሱ ደረቷን በሁለት እጁ እየገፋ ወደ በሩ ያያል፤ "እማዬ! እማዬ!" ይላል። እናቱን እየገፋ እናቱን ይጣራል። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። 12 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ደከመውና ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለተኛ ሲነቃ ቀና ብሎ አያትና "ውሃ" አላት። በቃ፣ ልጇ ተመለሰ።

በሕክምናው ቋንቋ ኢመርጀንስ ዴሊሪየም ይባላል፤ ከሰመመን ሲነቁ የሚመጣ መደናገር ማለት ነው። አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፈውበታል። የልጃችሁ ጠባይ መጥፎ ስለሆነ ወይም እናንተ ስላሞላቀቃችሁት የመጣ አይደለም።

ምን ያህል ይቆያል?

አብዛኛውን ጊዜ ከነቃ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። ብዙዎቹ ላይ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ያልፋል። አንዳንዱ ላይ እስከ 45 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። አጠገቡ ለቆመች እናት 10 ደቂቃው 10 ሰዓት እንደሚሆን አውቃለሁ። ልጁ ግን ብዙውን ጊዜ በኋላ ምንም አያስታውሰውም።

የትኞቹ ልጆች ላይ ይበዛል?

ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉት ላይ። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ይመጣል፣ ግን ትምህርት ቤት ያልገቡት ትንንሾቹ ላይ በጣም ይበዛል። ከኦፕራሲዮን ዓይነት ደግሞ የአንገት በላይ (ቶንሲል፣ ጆሮ) እና የዓይን ሥራ የተሠራላቸው በብዛት ያሳዩታል። በትንፋሽ የሚሰጡት ሴቮፍሉራንና መሰሎቹ ጋዞች ከድሮው ሃሎቴን ይልቅ ይህን ነገር ያመጣሉ። ምን ያህል ልጆች ላይ እንደሚታይ ጥናቶች ከ10 እስከ 80 በመቶ ድረስ የተራራቀ ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዱ ለቅሶን ሁሉ ስለሚቆጥር፣ ሌላው ትክክለኛውን መደናገር ብቻ ስለሚቆጥር ነው።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ከሁሉም በላይ እሱን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ፈርቶ የተኛ ልጅ ፈርቶ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት ምን ያህል እንደተጨነቁ በነጥብ ለካ። ነጥቡ በ10 በጨመረ ቁጥር ሲነቁ የመደናገር ዕድላቸው በ10 በመቶ ይጨምር ነበር። የልጁን ዕድሜ መለወጥ አንችልም። የኦፕራሲዮኑን ዓይነትም አንመርጥም። ፍርሃቱን ግን እናንተም እኛም መቀነስ እንችላለን።

ሕመም ስላለው አይደለም የሚጮኸው?

ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የምናጣራውም እሱን ነው። ግን ሕመም ብቻ አይደለም። ምንም ሳይቆረጥ፣ ለኤምአርአይ ምርመራ ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ልጆችም እንዲህ ሆነው ይነቃሉ።

ልዩነቱን በዓይኑ ታውቁታላችሁ። ያመመው ልጅ ያያችኋል። ወደ እናንተ እጁን ይዘረጋል፣ ቁስሉን ይይዛል፣ ስታቅፉት ትንሽ ይረጋል። የተደናገረው ልጅ ግን ዓይኑ ዓይናችሁ ላይ አያርፍም። የሚያደርገው ነገር ዓላማ የለውም፤ እግሩን በባዶው ያወራጫል፣ አንሶላውን ይጎትታል። ዙሪያው ያለውን ነገር አያውቅም። እኛም የምንለካው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ 5 ጥያቄ ያለው መለኪያ አለን። ዓይን ለዓይን ያያል ወይ? የሚያደርገው ዓላማ አለው ወይ? አካባቢውን ያውቃል ወይ? ይቁነጠነጣል ወይ? ሲያባብሉት አልረጋም ይላል ወይ? የመጀመሪያዎቹ 3 ናቸው መደናገርን ከተራ ለቅሶ የሚለዩት። ሕመሙና መደናገሩ አብረው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ በጥርጣሬ ጊዜ ሕመም ማስታገሻ መስጠትን እመርጣለሁ።

ኦፕራሲዮን እንዳለው ልንገረው ወይስ ልደብቀው?

ንገሩት። "ጦጣ ልናይ አሞራ ገደል ነው የምንሄደው" ተብሎ በባጃጅ ሆስፒታል የደረሰ ልጅ ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ! በሩ ላይ ሲደርስ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ እናቱ የምትለውን አንድም ቃል አያምንም። እኛንማ ጭራሽ። ለዚያ ልጅ የማረጋጋቱ ሥራ ከዜሮ በታች ነው የሚጀምረው።

ለትንሽ ልጅ ዋዜማው ወይም አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይበቃል፤ ቀድሞ መንገር ሲያስብበት እንዲሰነብት ያደርገዋል። ከ6 ዓመት በላይ ላለው ከ5 እስከ 7 ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩት፤ ጥያቄውን ጠይቆ እንዲጨርስ ጊዜ ያስፈልገዋል። አነጋገራችሁ አጭርና እውነት ይሁን። "ጉሮሮህ ውስጥ የሚያስቸግርህን ነገር ዶክተሩ ያወጣልሃል። አንተ ተኝተህ ነው። ፊትህ ላይ ማስክ ያደርጉልሃል፣ እንደ ፊኛ ትነፋለህ። ስትነቃ ጉሮሮህን ትንሽ ያምሃል፣ መድኃኒት እንሰጥሃለን። እኔ አለሁ።" ቤት ውስጥ በኩባያ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ መንፋትን በጨዋታ ብታለማምዱት ደግሞ በጣም ትረዱናላችሁ። አሻንጉሊቱን ያስተኛው፣ ማስክ ያድርግላት፣ ይቀስቅሳት።

አንድ ልመና አለኝ። ልጅ ሲያስቸግር "ዝም ካላልክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል" አትበሉት። ለዓመታት ያስፈራራችሁበት ሰው ነው ነገ ማስክ ይዞ የሚመጣው።

ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚጾመው? ባዶ ሆዱን ማዋሉስ አያበሳጨውም?

ያበሳጨዋል። የራበውና የጠማው ልጅ ገና ከመግባቱ ሆድ ብሶታል። ለዚህ ነው ከሚገባው በላይ አታስጹሙት የምንለው። የተለመደው ደንብ ይህ ነው። ምግብና የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው፤ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀረው። ኦፕራሲዮኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሆነ ምግብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ የለም፣ ጡት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይጠባል፣ ውሃ ግን እስከ ማለዳው 12 ሰዓት ይጠጣል። አንዳንድ ሆስፒታል ውሃን ከዚህም ባጠረ ሰዓት ይፈቅዳል። የራሳችሁ ባለሙያ የነገራችሁን ያዙ፣ ካልነገራችሁ ጠይቁ።

ውሃ ስንል ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ፈሳሽ ማለታችን ነው። ውሃ፣ ወተት የሌለው ቀጭን ሻይ። አጥሚት ምግብ ነው። የአቮካዶ ጁስም ምግብ ነው። "ጁስ ብቻ ነው የጠጣው" የተባለ ልጅ ሆድ ውስጥ ወፍራም ስፕሪስ ካለ፣ ተኝቶ እያለ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ደብቃችሁ አታብሉት፤ ከበላም ደግሞ ንገሩን። ቀጠሮው ቢዘገይ ነው እንጂ ማንም አይቆጣችሁም። ብንቆጣችሁም ንገሩን።

እስኪተኛ ድረስ አብሬው መግባት እችላለሁ?

እንደ ሆስፒታሉ ነው። ጠይቁ። ጥናቶቹ ራሳቸው አንድ ቃል አይናገሩም። ወላጅ አብሮ መግባቱ ብቻውን መደናገሩን አያስቀርም። የረጋ ወላጅ ልጁን ያረጋጋል፤ የሚንቀጠቀጥ ወላጅ ግን ፍርሃቱን ያጋባበታል። ስለዚህ ከቤተሰቡ የሚገባው ሆደ ጠንካራው ይሁን። አባትየው ሊሆን ይችላል። አክስት ወይም አያትም ይሆናል። ከገባችሁ ደግሞ የምታዩትን አስቀድማችሁ እወቁ። ዓይኑ ይገለበጣል፣ ትንሽ ይወራጫል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ድንገት ሰውነቱ ይዝላል። ይህ የተለመደ ነው። "ውጡ" ስንላችሁ ወዲያው ውጡ፤ ያኔ ዓይናችን ሁሉ ልጁ ላይ ብቻ መሆን አለበት።

መግባት ባይፈቀድም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከእቅፋችሁ አይንጠቁት። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቦታ ልማዱ መንጠቅ ነበር። በር ላይ ልጁን ከእናቱ ጀርባ እንፈታና እየጮኸ ይዘነው እንገባለን። እኔም እነጥቅ ነበር፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ስልክ ላይ የሚወደውን ካርቱን እከፍትለታለሁ፣ እሱን እያየ በራሱ ፈቃድ እቅፌ ላይ ይመጣል። 3 ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ጥናቶችም ካርቱንና ጨዋታ የልጆችን ጭንቀት እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። የሚወደውን ነገር ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ኑ፤ ሆስፒታል ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል።

ለሰመመን ባለሙያው ምን ልንገረው?

ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዶ ከነበረ እንዴት እንደነቃ። ማታ የሚባንን፣ የሚቃዥ ልጅ ከሆነ። እንግዳ ሰው ሲያይ ምን እንደሚሆን። በቤት የሚጠራበትን ስም፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ሳይሆን "ሚሚ" ወይም "አቡሽ" የምትሉትን። ጉንፋን ወይም ሳል ይዞት ከሆነ ደግሞ ይህን በምንም አትርሱ፤ ለመደናገሩ ሳይሆን ለትንፋሹ ነው።

ልጄ የሚችለው ሲዳምኛ ብቻ ነው። ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በጣም። ሀዋሳ ላይ ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከይርጋለም የሚመጡ ልጆች አሉን። እናትየው አማርኛ ትችል ይሆናል፣ ልጁ ግን ሰምቶት አያውቅም። ግማሽ ነቅቶ ግማሽ ተኝቶ፣ ነጭ መብራት ሥር፣ አፉን በጨርቅ የሸፈነ ሰው በማያውቀው ቋንቋ "አይዞህ" ቢለው ምን ይገባዋል? ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ሪከቨሪ እንዲኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወይም ልጁ ሊነቃ ሲል ቶሎ እንዲጠሯችሁ።

ሌላም ዘዴ አለ። ድምፃችሁን ስልክ ላይ ቅዱት። በቤት ስሙ ጥሩት፣ "ነቅተሃል፣ እኔ በር ላይ ነኝ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ" በሉት፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል። በደቡብ ኮሪያ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሊነቁ ሲሉ የእናታቸውን የተቀዳ ድምፅ የሰሙ ልጆች የማያውቁትን ሰው ድምፅ ከሰሙት ያነሰ ተደናግረዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ መድኃኒት ቤትም አያስኬድም።

መከላከያ መድኃኒት የለውም?

አለው፤ እንደ ልጁ እንመርጣለን። ሰመመኑን በጋዝ ከመያዝ ይልቅ ፕሮፖፎል በሚባለው በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት መያዝ መደናገሩን ይቀንሳል። በጋዝ ከተያዘም ኦፕራሲዮኑ ሲያልቅ ትንሽ ፕሮፖፎል መስጠት ይረዳል። ፌንታኒልና ዴክስሜዴቶሚዲን የሚባሉት መድኃኒቶችም እንዲሁ ይረዳሉ። ሚዳዞላም የሚባለው ማረጋጊያ ከመግባቱ በፊት ሲሰጥ ልጁን ያረጋጋዋል፤ ሲነቃ የሚመጣውን መደናገር በመቀነስ ረገድ ግን ጥናቶች አይስማሙም። የብሽሽት እበጥ (ቡአ) ወይም ግርዛት ከሆነ ተኝቶ እያለ በወገቡ ግርጌ የሚሰጠው ማደንዘዣ መርፌ ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። የምንፈልገው ማስታገሻው ከመንቃቱ በፊት መሥራት እንዲጀምር ነው።

ሁሉም መድኃኒት ሁሌ እጃችን ላይ አይገኝም። ደግሞ እነዚህ መድኃኒቶች ልጁን ረዘም ላለ ጊዜ ያስተኙታል፤ ትንፋሹን የሚከታተል ሰውም ይፈልጋሉ። ስለዚህ "ለሁሉም ይሰጥ" አልልም። ያለፈው ጊዜ ክፉኛ ለተወራጨ፣ ዓይኑ ወይም ቶንሲሉ ለሚሠራለት የ3 ዓመት ልጅ ግን ሳልዘጋጅ አልገባም።

የተሰጠው ኬታሚን ነው አሉኝ። ቅዠት ያመጣል ይባላል፣ እውነት ነው?

ኬታሚን እኛ አገር በብዛት የምንጠቀምበት፣ ብዙ ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው። ብቻውን በሙሉ መጠን ሲሰጥ ሲነቁ ሕልም የሚመስል ነገር ማየት ሊያመጣ ይችላል። ይህ ከልጆች ይልቅ አዋቂዎች ላይ ይበዛል። ልጁ ዓይኑ ተከፍቶ ወዲያ ወዲህ ሊዋልል፣ ለሀጩም ሊዝረከረክ ይችላል፤ አትደንግጡ። ጸጥ ባለ ቦታ፣ ሳይነካኩት፣ በራሱ ጊዜ እንዲነቃ መተው ከሁሉ ይሻላል።

አጠገቡ ቆሜ እያለሁ ቢጀምረውስ? ምን ላድርግ?

አትታገሉት። ቅድሚያ የሚሰጠው እንዳይወድቅና የግሉኮስ መርፌውን እንዳይነቅል፣ ቁስሉንም እንዳይጎዳ ነው። የአልጋውን ብረት ከፍ አድርጉ፣ ጎኑ ላይ ትራስ ወይም ጋቢ ደግፉ። ነርሷ መርፌ ያለበትን እጅ ብትይዝ ለዚህ ነው፤ አትቀየሟት። በገመድ ወይም በጨርቅ መታሰር ግን የለበትም፤ መታሰሩ ራሱ ይበልጥ ያሳብደዋል። ከፈቀደ እቀፉት። ከገፋችሁ ልቀቁትና እጃችሁን አጠገቡ አድርጉ።

አንድ ሰው ብቻ ይናገር፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ያንኑ ደጋግሞ። "እማዬ ነኝ። አለሁ። አለቀ።" ስንት ዘመድ አልጋውን ከቦ "አይዞህ! አይዞህ!" ሲል ያየሁበት ቀን አለ፤ ልጁ ከመርፌው ይልቅ የዘመድ ብዛቱን ፈርቶ ነበር። "እኔ ማን ነኝ? አወቅከኝ?" እያላችሁ አትፈትኑት፤ አሁን መልስ የለውም። አትነቅንቁት፣ ፊቱን በጥፊ መታ መታ አታድርጉ፣ ውሃ አፉ ውስጥ አታፍሱ። ለዘመድ ለመላክ ቪዲዮ አትቅረጹት። መብራቱ ዓይኑ ላይ ካበራ እንዲደበዝዝ ጠይቁ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ነርሷን ጠይቃችሁ አጥቡት፤ ብዙ ሕፃን በዚያው ያርፋል።

እኛ በበኩላችን ደረጃ በደረጃ እናያለን። ኦክስጅኑ፣ ትንፋሹ፣ የደም ስኳሩ፣ ሙቀቱ፣ ሕመሙ፣ ደም መፍሰሱ፣ ሽንቱ። ሙሉ ፊኛ ያሳበደው ልጅ አለ! ሁሉም ደህና ሆኖ ራሱን ሊጎዳ ከሆነ የሚያረጋጋ መድኃኒት በደም ሥር እንሰጠዋለን። ያኔ ሁለተኛ ተኝቶ ይነቃል፣ አብዛኛውን ጊዜም ረግቶ።

መቼ ነው "ይሄ ተራ መደናገር አይደለም" ብዬ መጮህ ያለብኝ?

ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ከሲር ሲር ድምፅ ጋር ከሆነ፣ ሰውነቱን ካንቀጠቀጠው፣ ቁስሉ ከደማ፣ ወዲያው ሰው ጥሩ። ቶንሲል ከሆነ ደግሞ ዓይናችሁ ጉሮሮው ላይ ይሁን፤ ደጋግሞ የሚውጥ ልጅ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላል። ከ45 ደቂቃ በላይ ካልተመለሰም ሐኪም እንደገና ይየው። ሙሉ በሙሉ ነቅቶ፣ አውርቶ፣ ከሰዓታት በኋላ እንደ አዲስ የተደናገረ ልጅም እንዲሁ ነው፤ ያ ሌላ ምክንያት አለው።

ሰዎች "ዓይን በልቶት ነው"፣ "መንፈስ ነው" አሉኝ። ጸበል ልውሰደው?

ልጁ ሲነቃ የሚሆነውን ላየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርመኝም። ያስፈራል። ግን የመጣው ከማደንዘዣው ጋር ነው፣ የሚሄደውም ከእሱ ጋር ነው። ጸሎቱን አጠገቡ ሆናችሁ በለሆሳስ አድርጉ፤ እኔም ብዙ ጊዜ በልቤ እጸልያለሁ። ጸበሉ ግን ይቆይ። በደንብ ሳይነቃ ምንም ነገር እንዲጠጣ አይደረግ፤ ቁስሉ ሳይድንም በውሃ አይነከር። በዚያ ምክንያት መድኃኒቱንና ቀጠሮውን አታቋርጡበት።

ቤት ከገባን በኋላ ማታ ይባንናል፣ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ከእኔ አልለይም ብሏል። ይህስ ከምን መጣ?

ከኦፕራሲዮን በኋላ በብዙ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። ሲነቁ ክፉኛ የተደናገሩት ላይ ደግሞ ትንሽ ይበዛል። ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል፤ አብዛኛው በ2 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። አብራችሁት ተኙ፣ መብራት ተዉለት፣ የሸናበትን አንሶላ ሳትናገሩ ቀይሩ። "ትልቅ ልጅ ሆነህ!" አይባልም። የታዘዘለትን ማስታገሻ ሽሮፕ ደግሞ በሰዓቱ ስጡት፤ "ዛሬ ደህና ነው" ብላችሁ አትዝለሉት። ከወር በላይ ከቀጠለ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ወደ ቤት ስትሄዱም ሁለት አዋቂ ሁኑ። ልጁ ገና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። በባጃጅ አንዱ አንገቱን ደግፎ ፊቱን እያየ ይቀመጥ፣ ሌላው ዕቃውን ይያዝ።

አእምሮው ላይ ጉዳት ጥሎ ያልፋል?

መደናገሩ ራሱ የአንጎል ጉዳት ምልክት አይደለም። የብዙ ወላጅ ስጋት ግን ማደንዘዣው ላይ ነው። በ7 አገሮች፣ በ28 ሆስፒታሎች፣ 722 ሕፃናትን የያዘ ጥናት አለ። የብሽሽት እበጥ (ቡአ) ኦፕራሲዮን ሲደረግላቸው ግማሾቹ በሴቮፍሉራን ተኝተው፣ ግማሾቹ ሳይተኙ ከወገብ በታች ብቻ ደንዝዘው ነበር። 5 ዓመት ሲሆናቸው አስተሳሰባቸው ተለካ፤ ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ሰመመኑ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ፣ ብዙውን ጊዜም ከ1 ሰዓት ያነሰ ነበር።

ከ3 ዓመት በታች ላሉ፣ ከ3 ሰዓት በላይ ለሚቆይ ወይም ለሚደጋገም ማደንዘዣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳስቧል። ይህ ማለት አስፈላጊው ኦፕራሲዮን ይቅር ማለት አይደለም። ሊቆይ የሚችል ከሆነ "ትንሽ ካደገ በኋላ ቢሆንስ?" ብላችሁ ቀዶ ሐኪሙን ጠይቁ።

ልጄ ኦቲዝም አለበት። የተለየ ነገር ላዘጋጅ?

አዎ። ቀጠሮው የቀኑ የመጀመሪያ እንዲሆን ለምኑ፤ ወረፋ መጠበቅ ያደክመዋል። ድምፅ የሚያስጨንቀው ከሆነ ጆሮ መሸፈኛውን፣ የሚይዘው ነገር ካለ ያንን ነገር ይዛችሁ ኑ። ሲጨነቅ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደሚያረጋጋው ከማንኛችንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሲነቃ አጠገቡ እንድትሆኑ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ "ደንብ አይፈቅድም" ከተባላችሁም ምክንያታችሁን ለክፍሉ ኃላፊ ንገሩ።

ያለፈው ጊዜ በጣም ተወራጭቶ ነበር። ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አለበት፤ ይደገማል?

ሊደገም ይችላል፣ ግን የግድ አይደለም። ልጁ አድጓል፤ ዕድሜው ራሱ ይረዳዋል። በሌላ በኩል ያለፈውን ፍርሃት ካስታወሰ ጭንቀቱ ሊብስ ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የሰመመን ባለሙያውን ጠይቃችሁ 4 ነገር ወረቀት ላይ አስጽፉ። በምን መድኃኒት እንደተኛ፣ ስንት ደቂቃ እንደተወራጨ፣ ምን እንደተሰጠው፣ ምን እንዳረጋጋው። ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጡት። ብዙ ቦታ ካርዱ ሊጠፋ፣ ባለሙያውም ሊቀየር ይችላል፤ ያ ወረቀት ግን በእናንተ እጅ አለ። በሁለተኛው ኦፕራሲዮን ቀን ጠዋት፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ፣ መጀመሪያ ያገኛችሁት የሰመመን ባለሙያ እጅ ላይ አስቀምጡት።